ያልተፈተኑት አልወደቁም፦ ለልዩ ተሰጥኦ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለልዩ ተሰጥኦ ትምህርት መርሐ ግብር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለተማሪዎች ምርጫ ኮሚቴ አባላት

ጉዳዩ፦ የክፍል ውስጥ ማጣሪያ ፈተና እንዲቀር መደረጉን በመቃወም የቀረበ አቤቱታ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና የኮሚቴ አባላት፤

የዘንድሮው ተመራጮች ስም ዝርዝር ትምህርት ቤታችን የደረሰው ባለፈው ሳምንት ነው። ርእሰ መምህሩ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፉት። በእረፍት ሰዓት ሄደን ከላይ እስከ ታች አነበብነው፤ አላመን ብለን ደግሞ ከታች ወደ ላይ አነበብነው። ከእኛ ትምህርት ቤት አንድም ልጅ የለበትም።

ዓምና አምስት ነበሩን። ዓምና የተደረገው ነገር ቀላል ነው፦ ለሙከራ በሚል፣ ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ሁሉ፣ የተጠቆመም ያልተጠቆመም፣ በገዛ ክፍሉ፣ በትምህርት ሰዓት፣ አጭር የማጣሪያ ፈተና ወሰደ። ወደ መርሐ ግብሩ ከገቡት አምስት ልጆች አራቱን ከእኛ ከመምህራኑ መካከል የጠቆማቸው ሰው አልነበረም። ወላጆቻቸውም አልጠቆሟቸውም። ዘንድሮ ጽሕፈት ቤታችሁ «ለበጀት ቁጠባ» በማለት የክፍል ውስጥ ማጣሪያውን አስቀርቶ ወላጅና መምህር ልጅ ወደሚጠቁሙበት ወደ ድሮው የጥቆማ ቅጽ መለሰን። ውጤቱም ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። በአንድ ዓመት ውስጥ የትምህርት ቤታችን ልጅ ሁሉ አልደነዘዘም፤ የተቀየረው ልጆቹ የሚመረጡበት መንገድ ነው።

እኔ የሦስተኛ ክፍል ስም ጠሪ መምህርት ነኝ። በዚህ ደብዳቤ ስድስት ባልደረቦቼና የትምህርት ቤቱ ወላጅ ኮሚቴ ተስማምተውበታል። የምናስተምራቸው ልጆች አብዛኞቹ ወላጆቻቸው በቀን ሥራ የሚያድሩ፣ ወይም ወላጅ አጥተው ከዘመድ ጋር የሚኖሩ፣ ወይም የቤታቸው ቋንቋ ከትምህርት ቤቱ ቋንቋ የሚለይ ናቸው። ሁለት ጊዜ በደብዳቤ፣ አንድ ጊዜ በአካል ቀርበን ጠይቀናችሁ ሦስቱንም ጊዜ የተሰጠን መልስ «ቅጹ እኮ ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል ስለሆነ፣ ነገሩን ወደ አደባባይ ለማውጣት ተገድደናል።

እንግዲህ ከቅጹ ልጀምር። አራት ገጽ ነው። ልጁ በስንት ዓመቱ ማንበብ እንደ ጀመረ፣ ቤት ውስጥ ምን ምን መጻሕፍት እንዳሉት፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ምን ሥልጠና እንደሚከታተል፣ የትኛውን ውድድር አሸንፎ እንደሚያውቅ ይጠይቃል። ስለ ልጁ የተጠየቁ ይምሰሉ እንጂ ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ቤቱ ነው። መጽሐፍ የሌለበት ቤት ያደገ ልጅ ሦስተኛውን ገጽ ባዶውን ይመልሳል። ባዶው ገጽ ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ ደግሞ «የቤተሰብ ፍላጎት የለም» ተብሎ ይተረጎማል። ይህን ቃል በአካል በቀረብን ጊዜ ከእናንተው ባለሙያ አፍ ሰምቼዋለሁ።

ዘንድሮ አንዲት እናት ቅጹን አጣጥፋ ይዛ መጣች። ሌሊት ሌሊት ቢሮ የምታጸዳ ሴት ናት፤ ከሥራ እንደ ወጣች በቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጣችው። ማንበብ አትችልም። «እሱ ራሱ ነው ያነበበልኝ» አለችኝ፣ ልጇን ማለቷ ነው። «በኛ ቋንቋ እያደረገ አስረዳኝ። ስለሱ ችሎታ ጻፉ የሚለው ጋ ሲደርስ ግን አፈረና ተወው።» አብረን ሞልተን ብንልከውም ቀነ ገደቡ በሁለት ቀን አልፎ ስለነበር አልተቀበላችሁትም። እስቲ አስቡት። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ የተጻፈ አራት ገጽ አንብቦ፣ ገብቶት፣ ወደ እናቱ ቋንቋ መልሶ አስረድቷል። ፍለጋ የወጣችሁት እንዲህ ያለውን ልጅ አልነበረም? ቅጹ ላይ ግን ይህ የሚጻፍበት ሳጥን የለም።

ቅጹን ያለፈው ልጅ ደግሞ በእረፍት ቀን፣ ከሚኖርበት ሩቅ በሆነ ማዕከል፣ ከአሳዳጊ ጋር እንዲቀርብ ይታዘዛል። ከሁለት ዓመት በፊት ከክፍሌ የተጠቆመች አንዲት ልጅ ነበረች። በፈተናው ቀን እናቷ ሥራ ላይ ስለነበረች ታናሽ ወንድሟን ይዛ ብቻዋን ሄደች። ጥበቃው «ሕፃን ይዞ መግባት አይቻልም» ብሎ መለሳት። በመዝገባችሁ ላይ የሰፈረው «ያልቀረበች» የሚል ነው። በቀጣዩ ዓመት ዕድሜዋ አልፏል ተባለ።

የመምህራን ጥቆማን በተመለከተ ከተጠያቂዎቹ አንዷ እኔው ነኝና አልሸሽግም። ለብዙ ዓመታት ቅጽ ስሞላ ወደ አእምሮዬ የሚመጡት ደብተራቸው የጸዳ፣ እጃቸውን አውጥተው የሚመልሱ፣ በቃላቸው አቀላጥፈው የሚናገሩ ልጆች ነበሩ። ጎበዞች ነበሩ፤ አልዋሸሁም። ነገር ግን ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ሥራውን ቶሎ አስረክቦ ጎረቤቱን የሚረብሽ ልጅ ነበረኝ፤ ሪፖርት ካርዱ ላይ «ትኩረት ይጎድለዋል» ብዬ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ዓምና በክፍል ውስጥ ማጣሪያው ከሁሉም በላይ ያመጣው እሱ ሆነ። ጠርቼ ለምን ክፍል ውስጥ እንደማይሳተፍ ስጠይቀው ትንሽ አሰበና «ጥያቄው ቶሎ ያልቅብኛል» አለኝ። ይህን ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ አስተምሬዋለሁ። በጥቆማው ሥርዓት ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬም ረባሽ ነበር።

የኔ ድክመት ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔን በመቅጣት ይስተካከል ነበር። ጄሰን ግሪሶምና ክሪስቶፈር ሬዲንግ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተሙት ጥናት በሒሳብና በንባብ ፈተና እኩል ያመጡ ልጆች እንኳ ወደ ልዩ ተሰጥኦ ትምህርት የመግባት ዕድላቸው እኩል እንዳልነበረ አሳይተዋል፦ ጥቁር ተማሪዎች ከነጮቹ ያነሰ ዕድል ነበራቸው፣ ልዩነቱም በተለይ በንባብ፣ በጥቁር መምህር በሚማሩት ላይ ይጠብብ ነበር። መምህር ክፉ ሆኖ አይደለም። ዓይናችን የለመደውን ጎበዝ ነው የሚያየው። ከራሱ አስተዳደግ የራቀ ልጅ ሲሆንበት ደግሞ ዝምታውን ድንዛዜ፣ ጥያቄውን ድፍረት አድርጎ ያየዋል።

እንዲያውም የዚህ ሥራ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው በጥቆማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ምሁር ሉዊስ ተርማን በካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች ፍለጋ ሲወጣ፣ በዋናነት መምህራንን «ከክፍላችሁ ጎበዙ ማን ነው?» ብሎ እየጠየቀ፣ የተጠቆሙትን በአይኪው (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ፈተና እያበጠረ ነው የለያቸው። ከ1,500 የሚበልጡ ልጆች መዝግቦ ዕድሜ ልካቸውን ተከታተላቸው። ከእነዚያ ውስጥ የኖቤል ተሸላሚ አልወጣም። በማጣሪያው ተፈትነው «ነጥባችሁ አልሞላም» ከተባሉት መካከል ግን ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ነበሩበት፤ የመጀመሪያው በ1956፣ ሁለተኛው በ1968 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። (ሾክሌይ በኋላ ዘመኑ ስለ ዘርና ስለ አእምሮ የተናገረው የሚያሳፍር መሆኑ ሌላ ነገር ነው።) ፈተናም ይስታል ማለት ነው። የፈተናው ስሕተት ግን ቢያንስ በመዝገብ ይገኛል፤ ልጆቹ መፈተናቸው ስለተጻፈ ነው ዛሬ ስለ እነርሱ የምናወራው። በጥቆማ የቀረ ልጅ ስሕተቱ የት ይገኛል? ማንም አልመዘገበውም።

ደብዳቤያችን ከሌላው ሁሉ በላይ እንድታዩልን የምንፈልገው ይህንን ነው። በየዓመቱ በምታወጡት ሪፖርት ከተፈተኑት ስንቱ እንዳለፈ፣ ስንቱ እንደወደቀ ይገኛል። ከአንድ ትምህርት ቤት ስንት ልጅ ፈተናው ክፍል ሳይደርስ እንደ ቀረ ግን አትቆጥሩም። ፈተናችሁ እንከን የለሽ ነው እንበል። ከአሥር ብቁ ልጆች አራቱ ብቻ ቢጠቆሙ፣ እንከን የለሹ ፈተና ከአራት በላይ ሊያገኝ አይችልም፤ ስድስቱ የቀሩት ፈተናው ሳይጀመር ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን «ከተፈተኑት ሁሉም አለፉ» ተብሎ ይጻፋል። ያማረ ሪፖርት ነው።

ሁሉንም መፈተን ምን እንደሚያመጣ የታየበት ቦታ አለ፤ ምክንያቱ ከኛው ጋር ስለሚመሳሰል በዝርዝር ልናገር። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት በሚገኘው ብሮዋርድ ካውንቲ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2005 ድረስ ልጅ ወደ ልዩ ተሰጥኦ ትምህርት የሚገባው እንደኛው በወላጅና በመምህር ጥቆማ ነበር። በዚያ ዓመት ሁለተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሁሉ ቃላት ላይ ያልተመሠረተ አጭር የማጣሪያ ፈተና እንዲወስዱ ተደረገ፤ በማጣሪያው ከፍ ያለ ነጥብ ያመጡት ወደ ሙሉው የአይኪው ምርመራ ተላኩ። የኢኮኖሚክስ ምሁራኑ ዴቪድ ካርድ፣ በ2021 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው፣ እና ላውራ ጁሊያኖ ውጤቱን አጥንተው በ2016 አሳተሙ። ለመግባት የሚጠየቀው ዝቅተኛ መመዘኛ ሳይነካ፣ ከችግረኛ ቤተሰብ ልጆች መካከል ወደ መርሐ ግብሩ የሚገቡት ድርሻ በ180 በመቶ ጨመረ። የሂስፓኒክ (የዘር ሐረጋቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሚመዘዝ) ተማሪዎች ድርሻ በ130፣ የጥቁር ተማሪዎች ደግሞ በ80 በመቶ ጨመረ። እነዚያ ልጆች ከማጣሪያው በፊትም እዚያው ክፍል ተቀምጠው ነበር። ከዚያስ? በጀት ሲጠብ ማጣሪያው ተቋረጠ፤ ሲቋረጥም ልዩነቱ ተመልሶ መጣ።

ይህንን ሳነብ የኛን ማስታወቂያ ሰሌዳ ያየሁ መሰለኝ።

አሁን ወደ መስፈርቶቹ ልለፍ። ኮሚቴው ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ይጠይቃል፦ የመምህር የምዘና ነጥብ፣ በሁሉም የትምህርት ዓይነት ከ90 ያላነሰ አማካይ ውጤት፣ እና የመግቢያ ፈተናውን መቁረጫ ነጥብ። አንዱ ከጎደለ ልጁ ወደቀ። ጥንቃቄ ይመስላል፤ እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ማንኛውም መለኪያ ይስታል፤ ልጅ አሞት ይመጣል፣ መምህር ይሳሳታል። ስለዚህ በእርግጥ የሚገባው ልጅ እያንዳንዱን መስፈርት የማለፍ ዕድሉ 80 በመቶ ነው እንበል። ሦስቱ የማይያያዙ ከሆኑ 0.8 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.512 ይሆናል። ይህም ማለት ከሚገባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ በመለኪያ ስሕተት ብቻ ውጭ ይቀራሉ። በተግባር መስፈርቶቹ በመጠኑ ስለሚያያዙ ኪሳራው ከዚህ ያንሳል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። መስፈርት በ«እና» በተደራረበ ቁጥር የሚጣራው ብቃት ብቻ ሳይሆን ዕድልም ነው። ዕድል ደግሞ የትኛው ቤት እንደሚያዘወትር ሁላችንም እናውቃለን። ሦስቱን መለኪያዎች ደምሮ በድምሩ መፍረድ፣ ወይም በአንዱ እጅግ የላቀውን ልጅ ለተጨማሪ ምርመራ ማሳለፍ ይቻላል።

የ90 አማካዩ ነገር በተለይ አልገባንም። አንዲት ተማሪያችን በሒሳብ ከእርሷ ሁለት ክፍል ከፍ ያለውን መጽሐፍ ተውሳ በራሷ ጊዜ እየሠራች ነው። ቋንቋ ላይ 71 አላት፤ የትምህርት ቤቱን ቋንቋ የጀመረችው አንደኛ ክፍል ስትገባ ነው። በእናንተ መስፈርት አትታይም። ስሪኒቫሳ ራማኑጃንም ቢሆን አይታይም ነበር። ደቡብ ሕንድ ውስጥ በችግር ያደገው ይህ የሒሳብ ሊቅ ከሒሳብ ውጭ ያሉትን ትምህርቶች ስለወደቀ የኮሌጅ ስኮላርሺፑን ተነጥቋል። በ1913 የሒሳብ ግኝቶቹን በደብዳቤ ለእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ምሁር ለጂ. ኤች. ሃርዲ ላከ። ሃርዲ አማካይ ውጤቱን አልጠየቀውም። በ1918 ራማኑጃን የለንደኑ የሳይንስ ማኅበር፣ የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። ተማሪዬ ራማኑጃን ናት አላልኩም፤ የምላችሁ እርሷን የሚለየው መስፈርት እጃችሁ ላይ የለም ነው።

ስለ ፈተናው ይዘት ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጥቀስ። «ማቀዝቀዣ ለምግብ እንደሆነ፣ ቁም ሣጥን ለምን ነው?» የሚል ነበር። አንድ ልጅ ከፈተናው ሲመለስ «ቲቸር፣ ቁም ሣጥን ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ልብስ የሚቀመጥበት ብዬ ገና ሳልጨርስ መልሱን ከነምክንያቱ ነገረኝ። ማዛመድ ይችላል፤ ያልነበረው ቃሉ ነው፤ ቃሉ ያልነበረው ዕቃው ስላልነበረ ነው። ፈተናው «የማሰብ ችሎታ» ብሎ በዜሮ የመዘገበው የቤት ዕቃ እጥረትን ነው። የዘመናዊው የአእምሮ ፈተና አባት የሚባለው አልፍሬድ ቢኔ በ1905 ከባልደረባው ከሲሞን ጋር የመጀመሪያውን መለኪያ ፓሪስ ላይ ሲያወጣ ሐሳቡ ተጨማሪ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለይቶ ለማገዝ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ያው መሣሪያ እገዛ የሚያስፈልገውን ልጅ ከእገዛው መከልከያ ሆኖ ሲያገለግል ማየት ያሳዝናል።

«ታዲያ ሥዕላዊ ፈተና እናድርገው» የሚል መልስ እንደሚመጣ እንገምታለን። ይሻላል፤ ብሮዋርድም የተጠቀመው እርሱን ነው። መድኃኒት ነው ብላችሁ ግን አትተማመኑበት። በቅርጽና በንድፍ ብቻ የሚሠሩ ፈተናዎች ቢያንስ ከ1938ቱ የሬቨን ማትሪክስ ጀምሮ አሉ። ተመራማሪው ጄምስ ፍሊን በ1987 ከ14 አገሮች የሰበሰበው መረጃ እንዳሳየው ግን የአይኪው ነጥብ ከትውልድ ትውልድ በብዙ ሲያድግ፣ ጎልቶ ያደገው እንዲያውም «ከባህል ነፃ» በሚባሉት በእነዚህ ፈተናዎች ላይ ነው። ባንድ ትውልድ የሰው ዘር ተፈጥሮ አይለወጥም፤ የተለወጠው አካባቢው ነው። በክፍያ የሚያለማምድ ቦታ ያገኘ ልጅ ሥዕሉንም ይለማመዳል። ስለዚህ የፈተናው ዓይነት የቱንም ያህል ቢሻሻል ልጁን ከማን ጋር ነው የምናወዳድረው የሚለው ጥያቄ ይቀራል።

እኛ የምንለው ከእኩዮቹ ጋር ይወዳደር ነው። በአንድ ዓይነት ክፍል፣ በአንድ ዓይነት መጽሐፍ እጥረት፣ በአንድ መምህር እጅ ተምሮ ከጓደኞቹ እጅግ የላቀ ልጅ በቤቱ አስጠኚ ካለው ልጅ በጥቂት ነጥብ ቢያንስ፣ የትኛው ነው ብዙ መንገድ የተጓዘው? ፍሎሪዳ ውስጥ እንኳ ሕጉ ይህንን ያውቀዋል፦ መደበኛው የአይኪው መግቢያ 130 ሲሆን፣ ለችግረኛ ቤተሰብ ልጆችና የትምህርቱን ቋንቋ በመማር ላይ ላሉት ወረዳዎች ሌላ መመዘኛ እንዲያወጡ ተፈቅዷል፤ ብሮዋርድ 116 አድርጎታል። ከየትምህርት ቤቱ የላቁትን ጥቂት ልጆች በቀጥታ ለሁለተኛው ዙር መጥራትም ይቻላል።

«ደረጃው ይወርዳል» ትላላችሁ። ከላይ የጠቀስኩት የ180 በመቶ ጭማሪ ዝቅተኛው መመዘኛ ሳይነካ የመጣ መሆኑን አንድ ጊዜ ልድገመውና ልለፈው።

«ገንዘብ የለም» ለሚለው፣ እኛ መምህራኑ ማጣሪያውን ያለ አበል ለመፈተንና ለማረም ዝግጁ ነን። ይህንን ከአራት ወር በፊት በጽሑፍ አሳውቀናችኋል። መልስ አላገኘንም። ማዕከል መከራየት፣ የእረፍት ቀን ፈታኝ ማሰማራት፣ አራት ገጽ ቅጽ አባዝቶ መበተን፣ ገምጋሚ ቁጭ አድርጎ ማንበብ ወጪ እንደሌለው ሆኖ፣ በክፍል ውስጥ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቀው ፈተና ብቻ እንዴት ወጪ ሊባል ቻለ?

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የገቡት ልጆች ጉዳይ። ዓምና ካለፉት አምስቱ ሁለቱ ተመልሰው እኛ ጋ ናቸው። አንዷን ያስመለሳት ርቀቱ ነው፤ ትምህርቱ ሲያልቅ እየመሸባት፣ ቤተሰቧ ሦስት ወር ታግሦ አስቀራት። ሁለተኛው «የመሠረት ክፍተት አለበት» የሚል ማስታወሻ ተጽፎበት ተመለሰ። ክፍተት እንዳለበትማ እናውቅ ነበር፤ ስንልከው የጻፍነው እኛው ነን። አንድ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢያግዘው የሚሞላ ክፍተት ነው። የተመለሰ ዕለት ከኋላ ወንበር ሄዶ ተቀመጠ፤ አሁን እጁን አያወጣም። ልጅን ጠርቶ ያለ ድጋፍ መመለስ ካለመጥራት የከፋ መሆኑን ያየሁት በእርሱ ነው። ልጆቹ ወደ ማዕከሉ ካልደረሱ ትምህርቱ ወደ እነርሱ ሊመጣ ይችላል። ሲንጋፖር በ1984 የጀመረችውንና ልጆችን ለይታ በጥቂት ትምህርት ቤቶች የምታሰባስብበትን መርሐ ግብር እንደምትቀይር፣ እያንዳንዱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም የራሱ እንደሚኖረው በ2024 አስታውቃለች። እኛ ያን ያህል አልጠየቅንም።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የክፍል ውስጥ ማጣሪያው ከሚቀጥለው የምርጫ ዙር ጀምሮ ለሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ፣ በየትምህርት ቤታቸው፣ በትምህርት ቀን እንዲሰጥ፤ በዚያ ቀን የቀረ ልጅም ሌላ ቀን እንዲፈተን። ይህ ከሁሉ የሚቀድም ነው። ሌላው ሁሉ ተቀባይነት አግኝቶ ይህ ቢቀር፣ ዘንድሮ ያየነውን ሰሌዳ ከርሞም እናየዋለን።

ጥቆማው ይቅር አንልም። ፈተናው ያልያዘውን ልጅ መምህር ወይም ወላጅ እንዲያስገባ ተጨማሪ በር ሆኖ ይቆይ፤ የመጀመሪያው ወንፊት ግን አይሁን። ቅጹም ወደ አንድ ገጽ ይጠር፣ ወላጆች በሚያውቁት ቋንቋ ይዘጋጅ፣ መጻፍ የማይችል ወላጅ በቃሉ ተናግሮ የሚመዘገብበት መንገድ ይኑር። ስለ ቤት መጻሕፍትና ስለ ውድድር የሚጠይቀው ሦስተኛው ገጽ ይሰረዝ።

የ90 አማካይ ይነሣ። በአንድ የትምህርት ዓይነት የላቀ ልጅ በዚያው ትምህርት እንዲታይ፣ ሦስቱ መስፈርቶችም በድምር እንዲታዩ፣ ነጥቡም ከትምህርት ቤቱ እኩዮች ጋር እንዲነጻጸር እንጠይቃለን። የአንድ ቀን ፈተና የወደቀ ልጅ በቀጣዩ ዓመት «ዕድሜው አልፏል» ሳይባል እንደገና ይፈተን።

ለገቡት ልጆች መጓጓዣና በመጀመሪያው ዓመት የማስጠናት ድጋፍ ይመደብ። የተመለሱት ሁለቱ ልጆች ጉዳይ በዚህ የትምህርት ዓመት ውስጥ እንደገና እንዲታይልን በተለይ እንጠይቃለን፤ ስማቸውና ማኅደራቸው በጽሕፈት ቤታችሁ አለ።

በመጨረሻም በየዓመቱ ከየትምህርት ቤቱ ስንት ልጅ እንዳለ፣ ስንቱ እንደተፈተነ፣ ስንቱ እንደገባ፣ ስንቱ እንደቆየ በይፋ ይውጣ። አራት ቁጥር ነው፤ በአንድ ወረቀት ይጠቃለላል።

ምላሻችሁን በጽሑፍ፣ የሚቀጥለው ዓመት የጥቆማ ቅጽ ከመሰራጨቱ በፊት እንጠብቃለን። ቅጹን አሁን ባለበት መልኩ ብትልኩት፣ በዚህ ደብዳቤ የተስማማን መምህራን የተማሪዎቻችንን ሁሉ ስም፣ አንድም ሳናስቀር፣ በየክፍላችን ሞልተን እንመልስላችኋለን።

ከሰላምታ ጋር

የሦስተኛ ክፍል ስም ጠሪ መምህርት
በስድስት ባልደረቦቿና በትምህርት ቤቱ ወላጅ ኮሚቴ ስም

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር
ለትምህርት ቤቱ ወላጅ ኮሚቴ
ዘንድሮ ስማቸው በዝርዝሩ ላይ ላልወጣ ልጆች ወላጆች